አክታ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ለልጅ፦ ከመግዛት እስከ ማጠጣት

«ልጄን ሳል ይዞታል፤ ጠንከር ያለ ሽሮፕ ስጠኝ።» በክረምት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይመለስም። ልጁ ብዙ ጊዜ አብሮ የለም። ወይ ቤት ተኝቷል፣ ወይ ትምህርት ቤት ውሏል። ዕድሜው ስንት ነው? ክብደቱስ? ሳሉ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው? አተነፋፈሱ እንዴት ነው? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እነዚህን ሳይጠይቅ ጠርሙስ የሚያቀብል ባለሙያ ከገጠመዎ ሌላ መድኃኒት ቤት ይፈልጉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። አክታ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ጉንፋን አያድንም። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ሽሮፑ ቫይረሱን አይነካውም። የሚጠበቅበት ሥራ ወፍራሙን አክታ አቅጥኖ ለመውጣት እንዲቀል ማድረግ ነው። ይህንንም ቢሆን በልጆች ላይ በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። በሌላ በኩል በልክ ስህተት፣ በመድኃኒት መደራረብና ሐኪም ጋ በመዘግየት የሚደርሰው ጉዳት በደንብ ይታወቃል። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ያሰናዳሁት ይህን ይዤ ነው። ብዙ ወላጅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሽሮፑን ቢተወው ደስ ይለኛል።

ደረጃ 1፦ ትንፋሹን ይቁጠሩ

ገንዘብ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ልጁ ጸጥ ያለበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ተኝቶ ቢሆን ይመረጣል። እያለቀሰ፣ እየጠባ ወይም ሮጦ እንደመጣ ከተቆጠረ ቁጥሩ ያሳስታል። ልብሱን ወደ ላይ ገልጠው ደረቱንና ሆዱን ይመልከቱ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ስልክዎ ላይ አንድ ደቂቃ ይሙሉና እስኪጮህ ድረስ ይቁጠሩ። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ድንበር ይህ ነው፦ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ፈጣን ትንፋሽ ከሳል ጋር ሲመጣ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰዓት ይዛ የምትቆጥረውም ይህንኑ ነው። የሳንባ ምች በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም በሽታ ነው፤ ሽሮፕ እየተሰጠው ሦስት ቀን ቤት የቆየ ልጅ ግን ያ ጊዜ ያልፍበታል።

ሌላም የሚታይ አለ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስብ የጎድን አጥንቱ ሥር የሚሰረጉድ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ሲተነፍስ የሚያጓራ ወይም ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ወይም የተዝለፈለፈ ልጅ ለሽሮፕ የሚሆን ሰዓት የለውም፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ካሳለ፣ ትንፋሹ ደህና ቢመስልም፣ መታየት አለበት።

ሳሉ በድንገት፣ ልጁ ደህና ሆኖ ሲጫወት ወይም ሲበላ ከጀመረስ? ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም የበቆሎ ፍሬ ትንፋሽ ቧንቧው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለአፍታ ታንቆ ከዚያ ሳሉ ጋብ ቢልም ፍሬው ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን ሽሮፕ አያወጣውም፤ የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕድሜውን በሐቅ ይናገሩ

እዚህ ላይ «ሁለት ሊሞላው ነው» የሚባል ዕድሜ የለም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ አይሰጥም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ አምራቾች ራሳቸው «ከ4 ዓመት በታች አይሰጥ» ብለው ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ካናዳና እንግሊዝ ድንበሩን ወደ 6 ዓመት ከፍ አደረጉት። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ካርቦሲስቲንንና አሲቲልሲስቲንን የመሳሰሉ አክታ አቅጣኞች ከ2 ዓመት በታች እንዳይሰጡ ከለከለች።

የፈረንሳዩ ክልከላ ምክንያት ለወላጅ ሁሉ የሚገባ ነው። የሕፃን ትንፋሽ ቧንቧ ጠባብ ነው፤ አስሎ አክታ የማውጣት ጉልበቱም ገና አልጠነከረም። አክታውን ብናቀጥንለት እንኳ ማውጣት አይችልም፤ ቧንቧውን ሞልቶ ትንፋሹን ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

ስለዚህ እንዲህ ይያዝ፦ ከ2 ዓመት በታች ፈጽሞ፤ ከ2 እስከ 6 ዓመት ሐኪም አይቶ ካላዘዘ በቀር አይሰጥ፤ ከ6 ዓመት በላይ የፋርማሲ ባለሙያ አማክሮ፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ። ልጁ አስም፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለበት፣ ዕድሜው ቢደርስም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ያንብቡ

«የሳል ሽሮፕ» የሚለው ስም በጣም የተለያዩ መድኃኒቶችን በአንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ይለፉትና በትንንሽ ፊደል የሰፈረውን ንጥረ ነገር ይፈልጉ። ማንበብ ካስቸገረ ባለሙያውን «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጓይፈኔሲን፣ አምብሮክሶል፣ ብሮምሄክሲን ወይም ካርቦሲስቲን የሚል ካዩ አክታ የሚያለሰልስ ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን የሚል ከሆነ ሳልን የሚያፍን ነው፤ ሥራው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት፣ ወይም ሁለቱም ተደባልቀው ያሉበትን ሽሮፕ መግዛት፣ አክታውን አቅጥኖ መውጫውን እንደመዝጋት ነው። ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሀይድራሚን ወይም ፕሮሜታዚን ካለበት ደግሞ ልጁን ያስተኛዋል። ብዙ ቤት ውስጥ «ጥሩ ሽሮፕ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አስተኛልኝ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጁ ደንዝዞ ነው እንጂ ሳሉ ድኖ አይደለም። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ኮዴይን ያለበትን ለልጅ አይንኩት። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሳል እንዳይሰጥ ከልክላለች፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዴይን ያለበትን የሳል መድኃኒት 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ብቻ አድርጋዋለች።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በሻንጣ የሚልኩት ሽሮፕ ለብቻው ቃል ይገባዋል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ስለመጣ «ኦሪጅናል» ይባላል፤ እንደ ስጦታም ይቀመጣል። ብዙዎቹ ግን ለሳል፣ ለትኩሳትና ለንፍጥ ተብለው በአንድ ጠርሙስ የተቀላቀሉ ናቸው። አሲታሚኖፌን የሚል ቃል ካለበት ያው እዚህ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። እናት ሽሮፑን ሰጥታ ለትኩሳቱ ደግሞ ፓራሲታሞል ከደገመች ልጁ ሳይታወቅ እጥፍ ወሰደ፤ የፓራሲታሞል ብዛት ጉበት ይጎዳል። አንድ ሕመም፣ አንድ ንጥረ ነገር፤ የተቀላቀለውን ለልጅ እንዳይገዙ፣ እንዳይልኩም እመክራለሁ።

ጥንካሬውንም ያነጻጽሩ። አምብሮክሶል በ5 ሚሊ ሊትር 15 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 30 ሚሊ ግራም ያለውም አለ። ስማቸው አንድ ነው፤ የካርቶኑ ቀለም እንኳ ሊመሳሰል ይችላል። 15 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ልጅ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚጠጣው። «ባለፈው አንድ ማንኪያ ነበር የሰጠሁት» የሚለው ትዝታ እዚህ ላይ አያስተማምንም።

ደረጃ 4፦ ከየት እንደተገዛና መቼ እንደሚያልፍበት

ሽሮፕ ከሱቅ፣ ከጉልት ወይም ከመንገድ ሻጭ አይገዛም። ይህ የተለመደ ምክር ቢመስልም በቅርቡ የሆነውን ስናስታውስ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ፤ የጠጡት ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል የሚባሉ መርዛማ ፈሳሾች የገቡባቸው የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ነበሩ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ ልጆች በተመሳሳይ ብክለት አለቁ፤ ኡዝቤኪስታንም ተከተለች። በ2023 በማርሻል ደሴቶችና በማይክሮኔዥያ የተገኘው የተበከለ ሽሮፕ ጓይፈኔሲን ነበር። በ2025 ደግሞ በህንድ ማድያ ፕራዴሽ ከ20 በላይ ልጆች ሞቱ። መርዙ ሽሮፕ ለመሥራት ከሚገቡት ግሊሰሪንና ፕሮፓይሊን ግላይኮል ጋር ይመሳሰላል፤ ጣፋጭም ነው። በዓይንም ሆነ በምላስ አይለይም።

ወላጅ ጠርሙሱን ላቦራቶሪ ሊያስገባ አይችልም። የሚችለው ይህን ነው፦ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መግዛት፣ ደረሰኝ መቀበል፣ የአምራቹ ስምና አገር፣ የምርት መለያ ቁጥሩ በግልጽ መጻፉን ማየት፣ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን ማረጋገጥ። የተጠራጠሩበት ካለ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ሽሮፕ ከጀመረ በኋላ የሚያስመልስ፣ ሆዱን የሚያመው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽንቱ የቀነሰ ወይም የቆመ ልጅ ጠርሙሱን ይዞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ጠርሙሱን ገልብጠው የሚያልፍበትን ቀን ያንብቡ። እኛ ላይ ብቻ የሚደርስ አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። 06/2025 የሚል ጽሑፍ ያዩ አያት በ2018 ዓ.ም. ተቀምጠው «ገና ሰባት ዓመት አለው» ሊሉ ይችላሉ። ቁጥሩ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሽሮፑ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አልፎበታል። ሲገዙ ባለሙያው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ካርቶኑ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የተከፈተበትን ቀንም ራስዎ ይጻፉበት፤ አንዳንዱ ሽሮፕ ከተከፈተ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ብቻ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል።

ደረጃ 5፦ በሚሊ ሊትር ይለኩ

የቤታችን ማንኪያ መለኪያ አይደለም። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል ይባላል እንጂ ከመሳቢያው ሁለት አውጥተው ውሃ ሞልተው ቢያነጻጽሩ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ በስህተት ቢነሣ ልጁ ሦስት እጥፍ ጠጣ ማለት ነው። ከሽሮፑ ጋር የመጣውን መለኪያ ይጠቀሙ፤ ካልመጣ መርፌ የሌለው 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከዚያው መድኃኒት ቤት ይግዙ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን ካለች አውጥተው ይጣሏት፤ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

ሲቀዱ እንዲህ ያድርጉ። መድኃኒቱ የሚበጠበጥ ዓይነት ከሆነ ጠርሙሱን ይነቅንቁ። ከሚያስፈልገው ትንሽ አልፈው ይሳቡ፤ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ሲሪንጁን በጣትዎ ነካ ነካ ያድርጉና የአየር አረፋውን ያስወጡ፤ ከዚያ የጥቁሩ ጎማ የላይኛው ጠርዝ ትክክለኛው መስመር ላይ እስኪደርስ ይግፉት። መለኪያው ኩባያ ከሆነ እጅዎ ላይ አንሥተው አይመልከቱ፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዓይንዎን ከመስመሩ እኩል ዝቅ ያድርጉ። ይህን ሁሉ መብራት በርቶ። ሌሊት በእንቅልፍ ልብ፣ በሻማ የተለካ ሽሮፕ አላምንም።

ለማሳያ ያህል፣ በአሜሪካ ለጓይፈኔሲን የተጻፈው ልክ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ በየ4 ሰዓቱ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 ጊዜ አይበልጥም። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ካለው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሁልጊዜ ከትንሹ ይጀምሩ። ለሌሎቹ ሽሮፖች ግን ይህን ልክ አይውሰዱ፤ እያንዳንዱ የራሱ አለው።

ደረጃ 6፦ አጠጣጥ

ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ። አፍንጫ ይዞ፣ በጀርባ አስተኝቶ መጋት የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው፤ ፈሳሹ ግን ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ይቅር። የሲሪንጁን ጫፍ በጉንጩና በድዱ መሃል አስገብተው ጥቂት ጥቂት ይግፉ፤ ሲውጥ ይጠብቁት። ጉሮሮው ላይ በቀጥታ አይርጩ። ከጨረሰ በኋላ ውሃ ይስጡት። ጡጦ ወይም ጭማቂ ሙሉ ብርጭቆ ውስጥ መቀላቀል አይበጅም፤ ግማሹን ትቶ ቢነሣ ምን ያህል እንደወሰደ አያውቁም።

ካስመለሰው አይድገሙት፤ ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቁ። አንድ ጊዜ ቢረሳም በሚቀጥለው ላይ ደርቦ መስጠት የለም። «ከረሜላ ነው፣ ጁስ ነው» እያሉ ማባበልም ይቅር፤ የሰማ ልጅ እርስዎ ዞር ሲሉ ጠርሙሱን ይፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ

«በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን «8 ሰዓት ላይ» ብሎ የሚሰማ አለ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት፣ አያት በእኛ ሰዓት የሚቆጥሩበት ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ልጅ ለመጠበቅ የሄዱ እናቶች ይህን ያውቁታል። በቀን ሦስት ጊዜ ከተባለ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ብለው በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፤ የሰጠ ሰው ያጥፋው። እናት ሰጥታ ወጥታ አባት የሚደግመው ይህ ወረቀት ስለሌለ ነው። ልጁ ከተኛ ለዚህ ሽሮፕ ሲባል አይቀስቅሱት፤ እንቅልፉ ይበልጥበታል።

በስህተት ከልክ በላይ ከወሰደ ጣት ከተው አያስመልሱት፣ ወተትም አይጋቱት። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሽሮፑን ሳይሆን ሌላውን

ከሽሮፑ በፊት የሚቀድመው ለልጁ በቂ ፈሳሽ መስጠት ነው። የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ አፍንጫው ከተደፈነ መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የጨው ውሃ ጠብታ ከመጥባቱ በፊት ያድርጉለት። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ማር አለልን። እስራኤል ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 300 ልጆችን አሳትፎ፣ ከመኝታ በፊት ማር የወሰዱት የቴምር ጭማቂ ከወሰዱት ይልቅ ሌሊቱን ሳል እንደቀለላቸው አሳይቷል። ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዲሁ ወይም ለብ ባለ ሻይ፣ ከመኝታ በፊት። ከ1 ዓመት በታች ግን ማር፣ ለመቅመስ ያህልም ቢሆን፣ ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

በባህር ዛፍ ቅጠል የፈላ ውሃ ላይ ልጅን ደፍቶ ማጠን ሳልን ሲያስታግስ አላየሁም፤ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን ግን የየሆስፒታሉ ታሪክ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የአዋቂ ሆድ እንኳ ያቃጥላሉ፤ ለሕፃን አይሆኑም። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ማስቆረጥ ደግሞ ደም በማፍሰስና በቁስል ልጅ ይገድላል፤ ሳልን አያድንም። ከሰል የሚጤስበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ልጁ እየተኛ ሽሮፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ እሳቱን ውጭ ያድርጉ።

መቼ ይቆማል፣ የተረፈውስ?

አብዛኛው የጉንፋን ሳል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ ስለዚህ አምስተኛው ቀን ላይ «አልሠራም» ብሎ ሌላ ሽሮፕ መጨመር አያስፈልግም። ሽሮፑን ሰጥተው በጥቂት ቀን ለውጥ ካላዩ ያቁሙት። ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ ወዲያውኑ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ፤ አምብሮክሶልና ብሮምሄክሲን አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ። ሳሉ 14 ቀን ከሞላው፣ በተለይ ልጁ ከከሳ፣ ማታ ማታ ካላበው ወይም ቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ካለ፣ ለቲቢ መመርመር አለበት። አስሎ አስሎ ትንፋሽ አጥሮት የሚያስመልስ ከሆነም አይጠብቁ።

የተረፈውን ለታናሹ ወይም ለመጪው ክረምት አያስቀምጡ፤ ካርቶኑ ጠፍቶ፣ ቀኑ ደብዝዞ ያገኙታል። ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሰው እንዲያስወግዱት ይጠይቁ። ሲሪንጁን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው አድርቀው ያስቀምጡት፤ ትኩሳት ሲመጣ ለፓራሲታሞሉም ያስፈልጋል።